ለጋሪ ፈረስ ድብዳብ ምን ማሽን ልግዛ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሻሸመኔ ውስጥ የቀበቶና የቦርሳ ስፌት ቤት አለኝ። ሁለት ሠራተኞች አብረውኝ ይሠራሉ። ባለጋሪዎች እየመጡ ፈረሱን የማያቆስል፣ ውስጡ የተሞላ የቆዳ ድብዳብ ሥራልን ይሉኛል። የጀርባውንም የደረቱንም ይፈልጋሉ። ስልኬ ላይ በአየር እየነፋ የሚሞላ ማሽን በቪዲዮ አየሁ። አንድ ሰው ደግሞ ሞልቶ እዚያው የሚሰፋም አለ ብሎኛል። አሁን ያለኝ ጠፍጣፋ የስፌት መኪና ቆዳው ሲወፍርበት መርፌ ይሰብራል። ትንሽ ገንዘብ ቆጥቤአለሁ። የቱን ልግዛ?»

ሞልቶ እዚያው የሚሰፋ ማሽን መፈለጉን ይተዉት። መስፋትና መሙላት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መስፋት ኃይል ይፈልጋል፤ መሙላት ጣት ይፈልጋል። በቪዲዮ ያዩት የትራስና የአሻንጉሊት መሙያ ነው። ቀጭን የፖሊስተር ጭረት በአየር እየነፋ ከረጢት ውስጥ ያስገባል። ለትራስ ግሩም ነው። የፈረስ ድብዳብ ግን ትራስ አይደለም። አምስት ሰው የጫነ ጋሪ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የሚመጣውን ምት ይህ ለስላሳ ነገር አይችለውም። በጥቂት ቀን ተደፍጥጦ ወደ ጠርዝ ይሸሻል። መሐሉ ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ ጀርባው ላይ ያለው ሁለት ድርብ ቆዳ ብቻ ነው።

ለፈረስ ዕቃ ተብሎ የተሠራ መሙያ ማሽንም አለ። እሱም ለእርስዎ አይሆንም፤ ምክንያቱን ግን ይወቁት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከባድ ጭነት ለሚጎትቱ ፈረሶች አንገት ላይ የሚጠልቅ ኮላር በፋብሪካ ይሠራ ነበር። ኮላሩ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ትልቅ ቀለበት ነው። ዙሪያው ላይ እንደ ቧንቧ የተሰፋ የቆዳ ጠርዝ አለው። ማሽኑ ረጅም የራይ (ስንዴ መሰል እህል) ገለባ በብረት ዘንግ እየመታ ወደዚያ ቧንቧ ይጠቀጥቃል። ገለባው ተጠቅጥቆ ስለሚገባ ጠርዙ እንደ እንጨት ይጠነክራል። እዚያ ቦታ መጠንከሩ ያስፈልጋል፤ መጎተቻው የሚታሰርበት የእንጨት ወይም የብረት ቅስት የሚያርፈው በዚያ ላይ ነውና። ኦሃዮና ፔንሲልቬኒያ በሚባሉት የአሜሪካ ግዛቶች ያሉ አሚሾች (ከዘመናዊ ማሽን የሚቆጠቡ የክርስቲያን ማኅበረሰብ) ዛሬም በፈረስ ያርሳሉ። ስለዚህ ኮላር ሠሪዎቻቸው ሥራ አልፈቱም። የእኛ የጋሪ ፈረስ ግን የሚጎትተው በደረት ማሰሪያ ነው። የጋሪውን ዘንግ የሚሸከመው ደግሞ በጀርባው ነው። የእርስዎ ሥራ ጠፍጣፋና ሰፊ ድብዳብ ነው። ጠንካራ የገለባ ጠርዝ የትም ቦታ አያስፈልገውም።

ማሽን ከመምረጥዎ በፊት ጊዜዎ የት እንደሚያልቅ ይመልከቱ። አንድ የጀርባ ድብዳብ ግራና ቀኝ ሁለት ትራስ አለው እንበል። እያንዳንዱ 40 በ15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 110 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 220 ሴንቲ ሜትር ስፌት ማለት ነው። እኔ በወስፌና በሁለት መርፌ ስሰፋ በሰዓት አንድ ሜትር ገደማ እሄዳለሁ። ስለዚህ ስፌቱ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስድብኛል። ደህና ማሽን ይህንኑ በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። መሙላቱ ግን በእጅም ሆነ በምንም ከአንድ ሰዓት አይወርድም። ሱፉን ማዘጋጀት ደግሞ ማንም የማይቆጥረው ሥራ ነው። ያልተባዘተ ሱፍ ይዘው ከተቀመጡ ቀኑን ሙሉ ይበላዎታል። ማሽን የሚገባው እዚህ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ስፌቱ ላይና ሱፉ ላይ።

ስፌቱን እናስቀድም። ያለዎት መኪና መርፌ የሚሰብረው ሞተሩ ስለደከመ ብቻ አይደለም። ጠፍጣፋ የልብስ መኪና ቆዳውን የሚጎትተው ከሥር ባለው ጥርስ ብቻ ነው። ላይኛው ቆዳ ወደኋላ ይቀራል፤ ታችኛው ወደፊት ይሄዳል። መርፌው መሐል ላይ ተጣሞ ብረት ይመታል። ድብዳብ ላይ የላዩ ቆዳ 4 ሚሊ ሜትር፣ የሥሩ ለስላሳ ቆዳ 2፣ የጠርዝ መሸፈኛው ታጥፎ ሲገባ ሌላ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባጠቃላይ 9 ማለት ነው። ማዕዘን ላይ ሲደራረብ ከዚያም ያልፋል። የልብስ መኪና ይህን እንዲችል አልተሠራም። ትልቅ ሞተር ቢገጥሙለት መርፌውን በፍጥነት ይሰብረዋል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

የሚፈልጉት ክንዱ እንደ ቧንቧ ክብ የሆነ፣ መርፌውና እግሩ ከሥሩ ጥርስ ጋር አብረው የሚራመዱበት ማሽን ነው። በዓለም ላይ የታወቀው ሞዴል ጁኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ 441 ነው። የእሱን አሠራር የተከተሉ የቻይና ማሽኖች በብዙ ስም ይሸጣሉ። ብዙዎቹ በስማቸው ውስጥ 441 የሚል ቁጥር አላቸው። ይህ ዓይነት ማሽን ወደ 20 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ይሰፋል። ክንዱ ክብና ረጅም ስለሆነ ጎባጣው ድብዳብ ዙሪያውን ይንጠለጠላል፤ ጠረጴዛ አይዘውም። ለድብዳብ ይህ ከኃይሉ በላይ ይጠቅማል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ጎባጣ ነገር መስፋት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ቦርሳ የሰፋ ሰው ያውቀዋል።

ጫማ ሰፊዎች ዘንድ የሚታየውን የሲንጀር 29 ዓይነት መጠገኛም እንዳይገዙ። እግሩ በየአቅጣጫው ስለሚዞር ያጓጓል። ለጥገና ወደር የለውም። ግን የታች ክሩ መያዣ ትንሽ ናት፤ ወፍራም ክርም አትወስድም። ቆዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ይጨነቃል። ካለዎት ለጥገና ያስቀምጡት። ለድብዳብ ብለው ግን ገንዘብ አያውጡበት።

ሲገዙ የሻጩን ናሙና አይመኑ። ሻጭ ሁልጊዜ ለስላሳና ቀጥ ያለ ቆዳ ላይ ነው የሚያሳይዎት። የራስዎን ቆዳ ይዘው ይሂዱ። ሦስት ድርብ አድርገው ማዕዘን ላይ ያሰፉ። ከዚያ ገልብጠው ሥሩን ይዩ። የላይና የታች ክር የሚቆላለፈው ቆዳው ውስጥ ተቀብሮ መሆን አለበት። ሥሩ ላይ ቋጠሮ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ካዩ ወይ ውጥረቱ አልተስተካከለም ወይ ማሽኑ አርጅቷል። የስፌት ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካሳጠሩት መርፌው ቆዳውን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳዋል። ጭነት ሲመጣበት እዚያው መስመር ላይ ይቀደዳል።

ሞተሩ በፔዳል ቀስ የሚል ሰርቮ ይሁን። ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት ተስፈንጥሮ የሚሮጥ ሞተር ለጂንስ ፋብሪካ ነው። በአንድ ፌዝ፣ ማለትም በተራው የቤት መብራት መስመር፣ በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑንም ሳይከፍሉ ያረጋግጡ። ሰው ሦስት ፌዝ የሚፈልግ ማሽን ገዝቶ ቆጣሪ እስኪቀየርለት ወራት ሲጠብቅ አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚዞረው ጎማ ሥራ ያስጨርስዎታል። ስለዚህ ጎማው ትልቅና ሲዞር ቀላል መሆኑን ይሞክሩት። መርፌውም ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙት አይደለም። 794 የሚባል የራሱ ዓይነት አለው። መርካቶ ገብተው በማንኛውም ሱቅ ላያገኙት ይችላሉ። ከማሽኑ ጋር ሁለት ሦስት ፓኬት አብረው ይግዙ።

አንድ ነገር ማሽን ላይ አይጣሉ። የደረት ማሰሪያው ከድብዳቡ ጋር የሚገናኝበትን፣ ዘንግ የሚሸከመው ጠፍር የሚያርፍበትን ቦታ በእጅ ይስፉ። የማሽን ስፌት አንድ ቦታ ሲበጠስ ተከታትሎ ሊተረተር ይችላል። በሁለት መርፌ የተሰፋ ግን አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። መስመር ላይ ፈረስ ከጋሪው ቢላቀቅ የሚጎዳው ፈረሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውም አለበት።

አሁን ወደ ሱፉ። የምሞላው በምን ነው ብለው አልጠየቁኝም። ማሽኑ ላይ ካፈሰሱት ሐሳብ ግማሹን እዚህ ላይ ቢያውሉት እወድ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ባለጋሪ ጀርባው የተገጠበ ፈረስና አሮጌ ድብዳብ ይዞ መጣ። ድብዳቡን በቢላ ከፈትኩት። በመጀመሪያ የማዳበሪያ ከረጢት ወጣ። ከሱ ሥር የጤፍ ጭድ ነበር። ጭዱ በላብ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቦ ዱቄት ሆኗል። ግማሹ ወደ ታች ወርዶ እንደ ጡብ ደርቋል። ከቁስሉ ትይዩ ያገኘሁት ግን የናይለን ገመድ ቋጠሮ ነበር፤ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል። ፈረሱ ያቺን ቋጠሮ ስንት ወር ተሸክሞ እንደሮጠ አላውቅም። ቋጠሮዋን መዳፌ ላይ አድርጌ ባለጋሪውን ሳሳየው ዝም አለ።

ከሚሞላው ሁሉ የምመርጠው የበግ ሱፍ ነው። ላብ ይመጥጣል፣ ይተነፍሳል፣ ሲጫኑት ወርዶ መልሶ ይነሳል። አገራችን ውስጥ የመንዝ በግ ሱፍ አለ። ባናና በርኖስ የሚሠራበት ሻካራ ሱፍ ነው። ለሹራብ ሻካራነቱ ጉድለት ይሆናል፤ ለድብዳብ ግን እሰየው ነው። ሻካራው ጭረት ቶሎ አይደፈጠጥም። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡት። አይሹት። በሙቅ ውኃ ከታሸ ተቆላልፎ ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይፈታውም። ጥላ ላይ በደንብ ያድርቁት። እርጥብ ሱፍ ቆዳ ውስጥ ከተዘጋ ይሻግታል። ሲያከማቹም ብል እንዳይገባው አጥብቀው ይሰሩት። ስፖንጅ ርካሽ ነው፤ ግን ላብ ይይዛል፣ ይሞቃል፣ በጥቂት ወር ይፈረካከሳል። ጭድ ግን ጨርሶ ይቅር።

ሁለተኛው ማሽን የሚገባው እዚህ ነው፤ ከውጭ የሚመጣም አይደለም። ሱፍ ማባዘቻ ብየዳ ቤትና እንጨት ቤት ተባብረው ይሠሩልዎታል። ምስማር የተደረደረበት የእንጨት ከበሮ፣ ከሥሩ ሌላ ምስማር ያለው ጎድጓዳ ሳንቃ፣ በእጅ የሚዞር እጀታ። ሱፉ በመሐላቸው ሲያልፍ ይፈታና እንደ ባዘቶ ይነፋል። ሞተር ልግጠምለት ካሉ ከበሮው ከነመግቢያው ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። የሚሽከረከር ምስማር ሱፉን ሲይዝ እጅን አብሮ ይጎትታል። ሁለት ሠራተኛ ላለው ቤት በእጅ የሚዞረው ይበቃል።

መሙያው አንድ ዘንግ ብቻ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ግማሽ ሜትር ያህል ያስቆርጡ። ጫፉን ያስጠፍጥፉት፤ መሐሉን እንደ እባብ ምላስ ትንሽ ያስሰንጥቁት። ከዚያ ቆዳ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱት። ሱፉን በቁንጥር ቁንጥር እየያዙ መጀመሪያ ማዕዘኖቹን፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩን፣ በመጨረሻ መሐሉን ይሙሉ። በአንድ ጊዜ ጭብጥ ሙሉ ካስገቡ ኳስ ይሆናል። ኳሱ ደግሞ ከዚያች ቋጠሮ አይለይም። ለግራና ለቀኙ የሚገባውን ሱፍ በሚዛን ይለኩ። ባልኩት መጠን ለሁለቱም አንድ ኪሎ ገደማ ይገባል፤ እኩል ግማሽ ግማሽ። ሲጨርሱ በአውራ ጣት ይጫኑት። ጣትዎ ትንሽ ሰርጎ ሲለቁት መመለስ አለበት። ሰርጎ ከቀረ ጎድሏል። ጭራሽ ካልሰረገ ደግሞ በዝቷል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በማብዛት ነው። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ድብዳብ ጭነቱን የሚያሳርፈው ጉብ ባለው መሐሉ ላይ ብቻ ነው።

ቆዳውን በሁለት ይክፈሉት። ላዩ በዕፅዋት የለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ ይሁን፤ ሲጎተት አይለጠጥም። ፈረሱን የሚነካው በክሮም የለፋ ለስላሳ የከብት ቆዳ ይሁን። የበግና የፍየል ሌጦ ለጓንትና ለጃኬት ድንቅ ነው፤ እዚህ ግን ይቀደዳል። የሥሩን ቆዳ ከላዩ በየጎኑ ሁለት ጣት ያህል አስፍተው ይቁረጡት። ሲሰፉ ትርፉን ዙሪያውን እኩል ያከፋፍሉት። ሁለቱን እኩል ከቆረጡ ሱፉ ሲገባ ጉብታው ወደ ላይም ወደ ታችም ይሆናል። እርስዎ የሚፈልጉት ወደ ፈረሱ ብቻ ነው። ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ጠርዝ ይተዉ፤ አለበለዚያ የማሽኑ እግር ማረፊያ ያጣል። ዙሪያውን ሳይሞሉ በማሽን ይዝጉት። መሙያውን ቀዳዳ ከላይኛው ቆዳ መሐል ላይ በስንጥቅ መልክ ያውጡትና እንደ ጫማ በማሰሪያ የሚታሰር ያድርጉት። ወደፊት ሱፍ መጨመርም መቀነስም ይቻላል። ሁለቱን ትራሶች የሚለያያቸው ክፍተት ሦስት ወይም አራት ጣት ይስፋ። አከርካሪው ላይ ምንም ነገር ማረፍ የለበትም። ቋጠሮ፣ የምስማር ራስ፣ ዘለበት ፈረሱ በሚነካው በኩል አይግባ።

ባለጋሪዎቹ ግን ከድብዳቡ ተአምር እንዳይጠብቁ ቀድመው ይንገሯቸው። ጋሪው ወደፊት ካደላ ዘንጎቹ ጀርባውን ይጫናሉ። ወደኋላ ካደላ የሆድ ማሰሪያው ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ጭነቱ ላይ እያለ የዘንጎቹን ጫፍ በእጅ ሲያነሱ ቀለል ማለት አለበት። ካልሆነ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ጋሪው ነው። የሚያጣብቅ ዕቃ ሥር ድብዳብ መጨመርም በጠባብ ጫማ ላይ ሁለተኛ ካልሲ እንደመልበስ ነው። ዕቃው መጀመሪያ ይላላ። ገጣባው ክፍት የሆነ ፈረስም አዲስ ድብዳብ ተጭኖለት ወደ ሥራ አይመለስ። ቁስሉ እስኪድን ማረፍ አለበት። ባለጋሪው ለዕለት እንጀራው ብሎ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ግን ፈረሱ ከወደቀ እንጀራውም አብሮ ይወድቃል። ሐኪም ከፈለጉ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። በየከተማው ያለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክም አይናቅ። ቆዳውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ። የፈረሱን ቆዳ ያቃጥላል፤ ክሩንም ያበላሻል። ሰምና ሞራ አቅልጦ ከላይኛው ቆዳ ብቻ በስሱ መቀባት ይበቃል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ክብ ክንድ ያለው የ441 ዓይነት ማሽን አንድ፣ በእጅ የሚዞር ማባዘቻ አንድ፣ የፌሮ ዘንግ ሁለት። የሚቀረውን ገንዘብ ቆዳና ሱፍ ይግዙበት። ቆዳ የሚቆርጠውን ፕሬስ ይቆዩበት። በሳምንት ብዙ ድብዳብ በአንድ መጠን መሥራት እስኪጀምሩ ድረስ የካርቶን ቅርጽና ስለታም ቢላ ይበቃሉ። ማሽኑንም ከመግዛትዎ በፊት አምስት ድብዳብ በእጅዎ ሰፍተው ይስጡ። ቅርጹ ላይ ያለውን ስህተት በእጅ የሰፋ ሰው ያየዋል። ማሽን የያዘ ሰው ግን ስህተቱን ሃምሳ ጊዜ ይደግመዋል።

የመጀመሪያዎቹን ጀርባቸው ንጹሕ ለሆነ ፈረሶች ይስጡ። አመሻሽ ላይ ሥራ ሲጨርሱ እርስዎ ራስዎ ሄደው ድብዳቡን ያንሱ። ፀጉሩ ሁሉም ቦታ እኩል በላብ ከረጠበ ደህና ነው። በረጠበው መሐል ደረቅ ክብ ካዩ ግን እዚያ ላይ ተጭኗል። ቦታውን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፤ ማሰሪያውን ፈትተው ከዚያ ትይዩ ትንሽ ሱፍ ያውጡ። በማግስቱ ማታ ደግሞ ሄደው ይዩት።